የአዲስ አገር መሥሪያ ቤት በምን ይቆማል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዘንድሮው ስብሰባ ላይ ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ስለ ሕዝብ ድርጅቶች ጥቂት እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ፣ ነገሩን ከመጽሐፍ ትርጓሜ ከመጀመር ይልቅ አንድ አገር መርጠን፣ ያ አገር ከባዶ ተነሥቶ መሥሪያ ቤቶቹን እንዴት እንዳቆመ ብናይ ይሻላል ብለን አሰብን። የመረጥነውም አገር በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኘው ቦትስዋና ነው። ዘመኑን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ዛሬ በአጀንዳችን ላይ የኮሚቴ ምርጫና የደንብ ማሻሻያ ስላለ፣ የሩቅ አገር ወሬ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ አደራ እንላለን።

እድርተኛ ለሆነ ሰው የመሥሪያ ቤት ምሥጢር እንግዳ አይደለም። እኛ በየወሩ መዋጮ የምንከፍለው ሐዘን በማን ቤት መቼ እንደሚገባ ሳናውቅ ነው። ዛሬ የሚከፍለው ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን ድንኳኑ ከደጁ እንደሚተከል፣ ወንበሩና ድስቱ እንደሚመጣለት ያምናል። ያን ጊዜ ግን ዳኛው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ታዲያ እምነቱ በማን ላይ ነው? በመዝገቡና በደንቡ ላይ ነዋ! መንግሥትም ቢሆን ስፋቱ ይበልጣል እንጂ ጠባዩ ይኸው ነው። እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሥር የሚሰደው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ደንቡ ከሁሉ በፊት ራሱን እንዲያስረው ሲፈቅድ ነው።

ዋና ከተማው በሰው አገር የነበረ አገር

ቦትስዋና ከ1885 ጀምሮ ቤቹዋናላንድ እየተባለ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር የቆየ አገር ነው። ስፋቱ 580 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው የካላሃሪ በረሓ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የአስተዳደሩ ዋና መሥሪያ ቤት በአገሩ ውስጥ አለመኖሩ ነበር። ከወሰኑ ውጭ፣ በደቡብ አፍሪካ ግዛት ባለችው በማፌኪንግ ከተማ ነበር የሚገኘው። እስቲ አስቡት፤ የአገሩ ፋይል የሚቀመጠው፣ የአገሩ በጀት የሚጻፈው በሰው አገር ነበር ማለት ነው።

ነጻነት እየተቃረበ ሲመጣ በሌላ አገር ተቀምጦ አገር መግዛት እንደማይሆን ስለ ታወቀ፣ ጋቦሮኔ የምትባለውን ከተማ ለመሥራት በ1964 ሥራ ተጀመረ። ቦታው የተመረጠው ለውኃና ለባቡር ሐዲድ ቅርብ በመሆኑ ነው፤ ደግሞም ከጎሣዎቹ የአንዱ መናገሻ ባለመሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። መሥሪያ ቤቱ በአንዱ ጎሣ ደጅ ቢተከል ኖሮ ሌላው እንደ እንግዳ ሆኖ ደጅ ሊጠና ነው። በ1965 መጀመሪያ ላይ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ አዲሲቱ ከተማ ተዛወሩ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1966 አገሩ ነጻ ወጣ።

ነጻነቱ የመጣው ግን በክፉ ቀን ነበር። ለዓመታት የቆየ ድርቅ ከብቱን ፈጅቶት፣ ብዙው ሕዝብ በእርዳታ እህል ይኖር ነበር። የሕዝቡ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ አስፋልት የለበሰው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁት ዜጎችም 22 ብቻ እንደ ነበሩ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ከመንግሥቱ ወጪ ግማሽ ያህሉን የሚሸፍነው የእንግሊዝ ድጎማ ነበር። በዙሪያውም ያሉት ደቡብ አፍሪካ፣ ሮዴዥያና ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በነጮች የበላይነት የሚገዙ ነበሩ። ምን አለፋችሁ፣ ይህ አገር ዓመት አይደፍንም ያሉት ብዙዎች ነበሩ።

ሹሙ ከገዛ ቤቱ ሲጀምር

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ የባማንግዋቶ ጎሣ ባላባቶች ዘር ናቸው። በ1948 ሩት ዊልያምስ የሚባሉትን እንግሊዛዊት በማግባታቸው ምክንያት የእንግሊዝ መንግሥት ከአገራቸው አርቆ አቆያቸው። በ1956 የአለቅነት መብታቸውን ለቀው እንደ ተራ ሰው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1962 ፓርቲ መሠረቱ፤ በ1965 በተደረገው ምርጫ አሸንፈው የመንግሥቱን ሥራ ያዙ።

እንደ ባህሉ ቢሆን ኖሮ መሬቱም ከመሬቱ በታች ያለውም ሀብት የየጎሣው ነበር። በ1967 የወጣው የማዕድን ሕግ ግን ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የአገሩ መንግሥት፣ ማለትም የሕዝቡ ሁሉ እንዲሆን ደነገገ። በዚያው ዓመት ኦራፓ በሚባለው ቦታ አልማዝ ተገኘ። ኦራፓ የሚገኘውም በሌላ በማንም ጎሣ ሳይሆን በፕሬዚዳንቱ በገዛ ጎሣቸው ምድር ነበር!

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በየአገሩ ሹመት እንደ ማዕድ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። እኛም ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለ። ሰውዬው ቢፈልጉ ኖሮ «አልማዙ የአባቶቼ ነው» ማለት ይችሉ ነበር፤ ጎሣቸውም በደስታ ይደግፋቸው ነበር። ነገር ግን ሕጉ በመጀመሪያ ያሰረው እሳቸውንና ወገኖቻቸውን ስለ ሆነ፣ በኋላ ሌላው ጎሣ «የኔንስ ለምን?» ብሎ ለመከራከር አፍ አልነበረውም። በ1982 ጁዋኔንግ በሚባል በሌላ ጎሣ ምድር ከኦራፓው የበለጠ ዋጋ ያለው የአልማዝ ማዕድን ሥራ ሲጀምር ገንዘቡ ያለ ጠብ ወደ አገሩ ግምጃ ቤት ገባ። በአፍሪካችን በማዕድን ምክንያት ስንት ደም እንደ ፈሰሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኦራፓ ሥራ በ1971 ተጀመረ። መንግሥቱ ከዲ ቢርስ ኩባንያ ጋር ባደረገው በመጀመሪያው ውል 15 በመቶ ድርሻ ብቻ ነበረው። በ1975 በተደረገው ድርድር ግን ድርሻው 50 በመቶ ሆነ። የእንግሊዝ የበጀት ድጎማም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀረ። ያ አገር አሁን ወጪውን በራሱ ገቢ መሸፈን ጀመረ።

መሬትንም በሚመለከት እንዲሁ ተደረገ። በ1968 በወጣውና በ1970 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት መሬት የማደላደል ሥልጣን ከጎሣ አለቆች እጅ ወጥቶ የመሬት ቦርድ ለሚባሉ አካሎች ተሰጠ። አለቆቹ ግን ክብራቸው አልተነካም። በባህላዊ ፍርድ ቤት ይዳኛሉ፤ ኮትላ በሚባለው የመንደር ሸንጎ ላይ ሰብሳቢ ሆነው ይቀመጣሉ። የመንግሥት ሹምም አዲስ ነገር ሲያስብ ወደዚያው ሸንጎ ሄዶ ሕዝቡን እንዲያነጋግር ልማድ ሆነ። አሮጌውን ቤት ጨርሶ ሳያፈርሱ አዲሱን ከጎኑ መሥራት ይሏል ይህ ነው።

ጸሐፊው እስኪሠለጥን

ሁለተኛው ፈተና የሰው ጉዳይ ነበር። በ22 ምሩቅ አገር ማስተዳደር እንዴት ይቻላል? በዚያ ዘመን ነጻ የወጡት ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የውጭ አገር ሠራተኞችን ቶሎ አሰናብተው ወንበሩን ለዜጎቻቸው ሰጡ። ይህም ከክብር አንጻር ሲታይ የሚያስወቅስ አይደለም። የቦትስዋና መንግሥት ግን ቀስ ማለትን መረጠ። የሚተካው ዜጋ ተምሮና ሥራውን ለምዶ እስኪገኝ ድረስ የውጭ አገሩ ሰው በቦታው እንዲቆይ አደረገ። በዚህም የገዛ ወጣቶቹ አጥብቀው አጉረመረሙበት፤ «ነጻ ወጥተን ሳለ ዛሬም አዛዡ ፈረንጅ ነው ወይ?» ማለታቸው እውነት ነበረው። ሆኖም የመዝገቡና የሒሳቡ ሥራ ሳይቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ገንዘብንም እንደዚሁ ነው። አገሩ ከነጻነት በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ሲገበያይ የኖረው በደቡብ አፍሪካ ራንድ ነበር። ብሔራዊ ባንኩ በ1975 ተቋቋመ፤ የራሱን ገንዘብ ያወጣውም በኦገስት 23 ቀን 1976 ነው። ስሙንም ፑላ አሉት፤ ፑላ ማለት በአገሩ ቋንቋ ዝናብ ማለት ነው። ሳንቲሙን ደግሞ ቴቤ አሉት፤ ትርጉሙ ጋሻ ነው። ድርቅ ያየ ሕዝብ ለገንዘቡ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ያመጣል?

በከብት የተሠራው ዩኒቨርሲቲ

አሁን ለእድርተኛ ጆሮ የሚጥም ነገር እናንሣ። ቦትስዋና፣ ሌሶቶና ስዋዚላንድ፣ የዛሬዋ ኤስዋቲኒ ማለት ነው፣ በኅብረት የሚያስተዳድሩት አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበራቸው። ዋናው ግቢ ሮማ በሚባል የሌሶቶ ከተማ ነበር። በ1975 በተነሣው አለመግባባት ሌሶቶ ከኅብረቱ ወጥታ ግቢውን የራሷ አደረገች። የቦትስዋና ተማሪዎችም በድንገት ትምህርት ቤት አልባ ሆኑ።

በ1976 በፕሬዚዳንቱ መሪነት አንድ የመዋጮ ዘመቻ ታወጀ። ስሙም በአገሩ ቋንቋ «ሞቶ ለ ሞቶ ክጎሞ» ይባላል፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ከብት እንደ ማለት ነው። ከብት ያለው ከብቱን ነዳ፤ ከብት የሌለው እህል ሰፍሮ አመጣ፤ እንቁላል ያመጣም ነበረ፤ ደመወዝተኛው ገንዘብ ሰጠ። በዚህ መዋጮ በጋቦሮኔ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሠራ። በ1982 ራሱን የቻለ የቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መሪ ቃሉም «ትምህርት ጋሻ ነው» የሚል ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ይህን ነው። ከመዋጮው መጠን ይልቅ እኛን የሚያስገርመን ሌላ ነው። እንቁላል ያመጣችው እናት ልጇ ዩኒቨርሲቲ ይግባ አይግባ አታውቅም ነበር። የሰጠችው ለማታውቀው ልጅ ነው። እኛም ስንቀብር እንዲሁ አይደል? በስም እንጂ በመልክ የማናውቀውን ጎረቤት ሐዘን እንደ ራሳችን ቆጥረን እንወጣለን። ሰው ከእጁ የሰጠበትን ነገር ደግሞ ይጠብቀዋል። ያለ እሱ መዋጮ የተሠራ ቤት ሲፈርስ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ የገዛ ከብቱ የገባበት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ዝም አይልም።

ደንቡ ሲጣስስ?

ወገኖቻችን፤ እስካሁን የተናገርነው ደጉን ብቻ ነው። ደጉን ብቻ ተናግሮ መቀመጥ ግን ለቅሶ ቤት ሄዶ ሟቹን ብቻ እንደ ማመስገን ይሆናል። የቦትስዋና መሥሪያ ቤቶችም በድለዋል።

በ1991 የመሬት አሰጣጥን የመረመረ አንድ ኮሚሽን በዋና ከተማው አካባቢ ብልሹ አሠራር እንዳለ ገለጸ። በ1992 ምክትል ፕሬዚዳንቱና አንድ ሌላ ሚኒስትር በዚሁ ጉዳይ ከሥልጣናቸው ወረዱ። በ1994 ሙስናን የሚከታተል ልዩ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ጉዳዩ ተሸፋፍኖ ሳይቀር ሪፖርቱ በአደባባይ መነበቡ አንድ ነገር ነው፤ ግን ያ ሁሉ የመሬት ቦርድ ሕግ እያለ ብልሹ አሠራር መግባቱ፣ ደንብ ጠባቂ ከሌለው ወረቀት መሆኑን ያሳያል።

ሌላው የሴቶች ጉዳይ ነው። በ1984 በወጣው የዜግነት ሕግ መሠረት፣ የውጭ አገር ሰው ያገባች የቦትስዋና ሴት ልጆቿ በእናታቸው በኩል ዜጋ መሆን አይችሉም ነበር። ወንዱ የውጭ አገር ሴት ቢያገባ ግን ልጆቹ ዜጎች ነበሩ። ዩኒቲ ዳው የተባሉ የሕግ ባለሙያ፣ ባለቤታቸው አሜሪካዊ ስለ ሆኑ ነገሩ በገዛ ቤታቸው የደረሰ ነበርና፣ መንግሥትን ከሰሱ። በ1991 በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በ1992 ደግሞ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ረቱ። ሕጉም በ1995 ተሻሻለ። ሴትዮዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆነው ተሾሙ። የከሰሳቸውን ሰው በዳኝነት ወንበር ላይ የሚያስቀምጡ መንግሥታት በዓለም ላይ ብዙ አይመስሉንም።

ሦስተኛው የባሳርዋ ሕዝብ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በካላሃሪ አደን እያደኑ ሥራሥር እየለቀሙ የኖሩ ናቸው። መንግሥት በ1997ና በ2002 ከማዕከላዊ ካላሃሪ ጥብቅ ክልል እያስወጣ በሌላ ቦታ አሰፈራቸው። በአገሩ ውስጥ ከሁሉ ደካሞች እነሱ ነበሩ፤ ከብት የላቸውም፣ ባላባት የላቸውም፣ በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወገን የላቸውም። ከፍርድ ቤት ሄዱ። በዲሴምበር 2006 ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ሰዎቹ ያለ ፈቃዳቸውና ከሕግ ውጭ ከመሬታቸው ተነሥተዋል ብለው ፈረዱላቸው። ከእነዚህ ሁለት ዳኞች አንዷ እኚያው ዩኒቲ ዳው ነበሩ። ይሁንና ፍርድ ቤቱ መንግሥት በክልሉ ውስጥ የውኃና የሌላ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት አላለም። ስለዚህ ድሉ ሙሉ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ሙሉ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ልኩ የሚታወቀው ጉልበተኛውን ባስተናገደበት አዳራሽ ሳይሆን ወገን የሌለውን ሰው በተቀበለበት በር ነው።

ወንበር ሲለቀቅ

የመሥሪያ ቤት የመጨረሻው ፈተና ርክክብ ነው። ሴሬትሴ ካማ በ1980 ሲያርፉ ምክትላቸው ኩየት ማሲሬ ያለ ሁከት ተተኩ። ፓርቲያቸው ግን ከነጻነት ጀምሮ 58 ዓመት ሥልጣን ላይ ስለ ቆየ፣ «ይህ መንግሥት ቢሸነፍ ይለቅቅ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሳይፈተን ኖረ። በኦክቶበር 30 ቀን 2024 በተደረገው ምርጫ ያ ፓርቲ ከ61 የምክር ቤት መቀመጫዎች አራቱን ብቻ አገኘ። ፕሬዚዳንት ሞክዌትሲ ማሲሲ ቆጠራው ሳያልቅ መሸነፋቸውን አመኑ። በኖቬምበር 1 ቀን ተቃዋሚው ዱማ ቦኮ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጥይት አልተተኮሰም፤ መዝገብ አልተቃጠለም።

ይህም ማለት አገሩ ችግሩን ጨረሰ ማለት አይደለም። የአልማዝ ገበያ በመዳከሙ ግምጃ ቤቱ ተቸገረ። በኦገስት 2025 የመድኃኒት እጥረት ስለ ጸና አዲሱ ፕሬዚዳንት የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በአንድ ማዕድን ላይ መመካት የሚያስከትለውን መዘዝ ያ አገር ዛሬ እየቀመሰው ነው። እንግዲህ መሥሪያ ቤት እንደ ጎጆ ክዳን ነው፤ አንድ ጊዜ ተከደነ ተብሎ አይተውም፣ በየክረምቱ መጠገን አለበት።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ

የተከበራችሁ አባላት፤ እኛ አልማዝ የለንም። ያለን ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ የገንዘብ ሣጥንና መዝገብ ነው። ነገር ግን ከላይ ያየነው ሁሉ እኛንም ይነካናል። ዛሬ የሚመረጠው ኮሚቴ የቀሪና የቅጣት ደንቡን ከዳኛው ከራሱ ይጀምር። ዳኛው ከቀብር ሲቀር ቅጣቱን በሰው ፊት ከከፈለ፣ ድሀው አባል ሲቀጣ «ለምን እኔን?» አይልም። የሚወርደውም ኮሚቴ ዕቃውን ቆጥሮ፣ ሒሳቡን ዘግቶ፣ በፊርማ ያስረክብ፤ በአፍ የተረከበ ሰው የሚጠየቅበት ነገር የለውምና። መዝገቡንም ማንኛውም አባል እንዲከፈትለት በጠየቀ ጊዜ ያለ ቅሬታ ይከፈት።

ከሁሉ በላይ ግን ለውይይት የቀረበውን የደንብ ማሻሻያ በማስተዋል እንድታዩት እንለምናለን። ይኸውም የባልዋ ስም ብቻ በመዝገብ ላይ የሰፈረላት ሴት፣ ባልዋ ሲሞት በገዛ ስሟ እንደ ነባር አባል ትቀጥል ወይስ እንደ አዲስ ገቢ መመዝገቢያ ትክፈል የሚለው ነው። ለሃያ ዓመት ወጥ ስትሠራ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ከሐዘንተኛ ጋር ስታድር የኖረችውን እናት «ስምሽ መዝገብ ላይ የለም» ብለን ብንመልሳት፣ ጥፋቱ የመዝገቡ ነው እንጂ የእርሷ አይደለም። እኛ ያለ ምንም ክፍያ በባልዋ ቦታ ስሟ ይጻፍ ባዮች ነን። ውሳኔው ግን የጉባዔው ነው። እጃችሁን ስታወጡ በዚያ ወረፋ ላይ ነገ የማን እናት፣ የማን እህት፣ የማን ሚስት እንደምትቆም አስቡ።

 እድራችንን ያጽናልን፤ የሞቱትን ነፍስ ይማርልን።